የሐሙስ ቲማቲም

ሽማግሌው ሚስታቸውን ደግፈው የገቡት ከሰዓት በኋላ ነበር። በቆቦ በዚያ ሰዓት ሙቀቱ ሰውን ወደየጥላው ስለሚበትነው፣ እኔ በነርስነት በምሠራበት ጤና ጣቢያ ተራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አሮጊቷ ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው አስረዋል። ወንበር ሰጥቼ ምን እንደሚያማቸው ብጠይቅ መልሱ የመጣው ከባልየው ነው።

«ቀን ቀን ታያለች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ዐይኗ ይዘጋል። ትናንት በርጩማ መስያት ልትቀመጥብኝ ነበር» አሉኝ።

አሮጊቷ ሳቁ። «እሱ ዝም ብሎ ተጎልቶ ስለሚውል ነው እንጂ፣ የኔስ ዐይን ደኅና ነው» አሉ።

ዳፍንት ነበር። በእኛ ቆላ የበሽታውን ስም የማያውቅ የለም። ለሕፃናት የሚታደለው የቫይታሚን እንክብል ያን ሰሞን ለሕፃናቱም አልነበረም። ስለዚህ ለሁሉም የምለውን አልኳቸው፤ ጎመን ይብሉ፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቲማቲም፣ ከተገኘም ፓፓያ። ባልየው ጎንበስ ብለው እስከ መጨረሻው አደመጡኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ ያልሽውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከማን ጓሮ ላምጣው?» አሉኝ።

ምክሬን የተቀበለ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። ሚስታቸውን አስነሡና፣ ሳይመሽ ቤት እንግባ እያሉ ወጡ።

ቤታቸውን አጠያይቄ ሄድኩ። ከዋናው አስፋልት ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ጥግ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ማሽላ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ጉልበታቸው ሲከዳቸው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው፣ ለጤና ጣቢያውና ለቤተ ክርስቲያኑ እንዲቀርባቸው ብለው ከተማ ገቡ። አንዱ ልጃቸው ሞቷል። ሌላው በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ዐረብ አገር ከተሻገረ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። ከእኩል አራሹ የሚደርሳቸው ማሽላ ነው፤ ማሽላ ደግሞ ቂጣም ገንፎም ይሆናል እንጂ ጎመን አይሆንም።

ከደጃቸው ሆኜ አስፋልቱን አየሁ። ቲማቲም በሳጥን በሳጥን የተደረደረበት አይሱዙ ወደ ደሴ እየከነፈ አለፈ። ሌላም ተከተለው። አሮጊቷ አፍንጫቸውን ወደ መንገዱ አቅንተው «ዛሬ ደግሞ ቃሪያም ጭኗል» አሉ። ከዚያ በፊት በዚያ መንገድ ስንቴ እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ ከመኪናው ጀርባ ስለሚቀረው ሰው ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

በሰፈራችን እናቱን በቅርብ የቀበረ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለ። ነገሩን ስነግረው «እሺ፣ እርሻው ድረስ ሄደን እንጠይቅ፤ ቢከለክሉን ምን እናጣለን?» አለኝ። በማግስቱ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ወጣንና፣ የጉድጓድ ውሃ በኤሌክትሪክ እየሳቡ ከሚያለሙት ማሳዎች ወደ አንዱ ገባን። የማሳው ባለቤት ጺሙን ሂና የቀባ፣ ጠንካራ ሙስሊም ገበሬ ነው። ሠራተኞቹ ሳጥን ተሸክመው ይሯሯጣሉ። ከእግራችን ሥር ግን ቀይ፣ ደም የመሰለ ቲማቲም ሳይለቀም ሜዳ ሙሉ ተኝቷል።

«ይኼ ለምን ቀረ?» አልኩት።

«ይኼ በስሏል፣ እህቴ። ነጋዴ የሚፈልገው ጠንከር ያለውን ነው። ይኼ ደሴ ሳይደርስ ውሃ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?»

«ከብት ይበላዋል። ከብቱም ሰልችቶታል።»

የመጣሁበትን ነገርኩት። ስለ ሽማግሌውና ስለ ሚስታቸው ዐይን፣ በከተማው እንደነሱ ጧሪ ስላጡ ሌሎችም አዛውንቶች ነገርኩት። ቆም ብሎ ማሳውን ተመለከተ።

«እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። «ውሰጂ። ሰደቃ ነው። ግን ራሳችሁ ልቀሙ፤ የኔ ሰዎች መኪናው እንዳያመልጣቸው እየተጣደፉ ነው።»

ለቀምን። የቲማቲም ቅጠል እጅን አረንጓዴ እንደሚያደርግና ሽታው በሳሙናም እንደማይለቅ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ባጃጇን እስከ ጣሪያዋ ሞላናት። እኔ ከሹፌሩ ጎን ተጣብቄ፣ ገበሬው ከጓሮው የመረቀልንን ጥቅል ጎመን ታቅፌ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ ሆነ። መኪናው የሚጭነው ረቡዕ ስለሆነ የቀረው ሐሙስ ጠዋት ይለቀማል። የምናድለው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ነበር። መጀመሪያ የመጡት ጥቂት ናቸው። ወሬው ሲዳረስ ግን የመስጊዱ ሰፈርም የቤተ ክርስቲያኑ ሰፈርም አዛውንት በትሩን ይዞ፣ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ መጣ። በየሰዉ ፊት ጥቂት ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ አንዳንዴ ቆስጣ፣ ከተገኘም ፓፓያ ቆራርጠን እናስቀምጣለን።

ከመካከላቸው ድሮ ቅቤ ሻጭ የነበሩ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ነበሩ። ጥርሳቸው አልቋል፤ ጨዋታቸው ግን አላለቀም። «ለኔ የፈረጠውን ስጪኝ። ጥርሱ የከዳው ሰው ጥሬ አይመርጥም» ይሉና ሰዉን ያስቁታል። አንድ ቀን ሸኝቻቸው ቤታቸው ብገባ፣ ቲማቲሙን የልጅ ልጆቻቸው ተሻምተው ሲበሉት አየሁ። እሳቸው በደረቅ ቂጣ ሻይ ይጠጣሉ።

«እማማ፣ ይኼ እኮ ለእርስዎ ነው የመጣው» አልኳቸው።

«እነሱ ሲበሉ እኔም በላሁ» አሉኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ድርሻቸውን ጨመርኩላቸው። የጨመርኩትንም ለልጆቹ ሰጡ። ይህን ሳይ ማድረግ የምችለው ነገር ወሰን እንዳለው ገባኝ። ያም ሆኖ መንገዱን የጀመርን መሰለኝ።

ከሁሉ ያስደሰተኝ የዳፍንቷ አሮጊት ነገር ነው። ሽማግሌው ምግብ መሥራት የተማሩት በዚያ ጊዜ ነው። እሳቸው ይከትፋሉ፤ ሚስታቸው መደብ ላይ ተቀምጠው እያሸተቱ ይመሯቸዋል። «አሁን ዘይቱ ጋለ። ሽንኩርቱን ጨምር። ኧረ አማስል፣ ሊያርርብህ ነው!» ይሏቸዋል። ሽማግሌው «ዕድሜ ልኬን በሬ ሳዝ ኖሬ፣ በእርጅናዬ ሚስቴ ታዘኝ ጀመር» እያሉ ያማስላሉ። ከጊዜ በኋላ አንድ ማምሻ ላይ ከሥራ ስመለስ ወደ ግቢያቸው ጎራ አልኩ። አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ፀሐይዋ ገብታለች፤ ገና ድምፅ አላሰማሁም።

«ሲስተር ነሽ? ነጠላ ለብሰሽ የለ?» አሉኝ።

ነጠላ ለብሼ ነበር። ሽማግሌው ከውስጥ ሆነው ሰሙ፤ ወጥተው እኔን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ተመልሰው ገብተው የገነፈለውን ድስት ሲያወርዱ ክዳኑ ከእጃቸው ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ።

መብራት የጠፋው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። ያን ሰሞን አካባቢው አልተረጋጋም ነበር፤ መንገዱ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። መብራቱም ነገ ይመጣል ሲባል እየሰነበተ ቀረ። ከተማ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሻማ ይለኮሳል። ማሳው ላይ ግን ውሃው ከጉድጓዱ አልወጣም ማለት ነው። ከባጃጁ ሹፌር ጋር ስንሄድ የቲማቲሙ ቅጠል ገና በማለዳው ጠውልጎ አገኘነው። ገበሬው ከሩቅ ቦታ በአህያ ባስቀዳው ውሃ ፓፓያዎቹን በቆርቆሮ ጣሳ ያጠጣል።

«ለቲማቲሙስ?» አልኩት።

«ቲማቲሙ ብዙ ነው፣ ሲስተር። ለየትኛው እግር ሰጥቼ የትኛውን ልተወው? ፓፓያው እንኳ ዛፍ ነው፤ ቢተርፍ ብዬ ነው።» ከዚያ ፊቴን አይቶ «አብሽሪ፤ አላህ ያውቃል» አለኝ። እሱ እኔን ያጽናናኛል፤ ማሳው የሚደርቀው ግን የእሱ ነው።

ገበሬው በናፍጣ የሚሠራ ጄኔሬተር የሚያከራይ ሰው አገኘ። ጄኔሬተሩ መጣ፤ ናፍጣው ግን አልተገኘም። ማደያዎቹ በር ላይ ባዶ በርሜል አቁመው ይውላሉ። እኔም ልሞክር ብዬ ወደሚመለከታቸው ቢሮዎች ሄድኩ። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ላከኝ። በመጨረሻ አንድ ትሑት ሰው ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና፣ «እህቴ፣ እኔም ቤቴ መብራት የለም። የተቋረጠው ከላይ ነው፤ ከእኛ አቅም በላይ ነው» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። በሚቆጣ ሰው ላይ ሰው ይናደድበታል፤ በዚህ ሰው ላይ ግን ምን ልበል?

ለአዛውንቶቹ «ለጊዜው አትምጡ፤ ሲገኝ እናስጠራችኋለን» ብለን አስነገርን። ሐሙስ ጠዋት በመስኮት ባይ ግን ሁሉም በኒሙ ሥር ተቀምጠዋል። ወጣሁና፣

«አልተነገራችሁም እንዴ?» አልኳቸው።

«ተነግሮናል» አሉ ቅቤ ሻጯ። «ቤት ብንውልስ ምን አለ? እዚህ ቢያንስ ተገናኝተን እንጨዋወታለን።»

ዘንቢላቸውን ግን ይዘው ነው የመጡት። ሁሉም ባዶ ዘንቢላቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ወደ ሥራዬ ብመለስም በየመሐሉ ዐይኔ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። እስከ እኩለ ቀን ተቀመጡ። ከዚያ አንድ በአንድ እየተደጋገፉ ተነሡ፤ ሁሉም ወደ እኔ መስኮት እጃቸውን እያነሡ መረቁኝና ሄዱ። ያ ምርቃት የት ይውደቅ? ምንም አልሰጠኋቸውም እኮ።

ጉሊት የሚሸጡትን ሴቶች ለመንኩ። እነሱም አልጨከኑም፤ ከመደባቸው ላይ አንዲት አንዲት እያነሡ ሰጡኝ። ነገር ግን የሚሸጡት ራሱ እያጠራቸው ነበር፤ ሽንኩርት የወርቅ ያህል ሆኗል። በሌላ ጊዜ ሳልፍ አንዷ ቀድማ አንገቷን አቀረቀረች። ከዚያ ወዲያ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርኩ።

አንድ ቀን እኔ መርፌ እየወጋሁ ሳለ መብራት መጣ። ከተማው በእልልታ ተናጋ። ከየቤቱ ሬዲዮ ጮኸ፤ የወፍጮ ቤቱ ሞተር አጓራ። የባጃጁ ሹፌር ሳልጠራው በር ላይ ደረሰና ጥሩምባውን ነፋ። የሥራ ባልደረባዬን አስፈቅጄ ወጣሁ። መንገድ ላይ «የሚተርፍ ቅጠል ካለ ይመለሳል፤ ባይሆንም በአዲስ ይተከላል» እየተባባልን በረርን።

ገበሬው ከፓምፑ ቤት ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጧል። ስንደርስ አልተነሣም። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ይሸታል።

«አልመጣም እንዴ እዚህ?» አለ ሹፌሩ።

«መጣ» አለ ገበሬው። «መጣ እንጂ። እንዳለ ተጠራቅሞ መጣና ሞተሩን በላው።»

ውሃ የሚስበው ሞተር ያለው ከጉድጓዱ ውስጥ፣ ከመሬት በታች በጥልቅ ነው። እሱን ለማውጣት ክሬን ያስፈልጋል። ቢወጣም የተቃጠለው ሽቦ በአዲስ የሚጠቀለለው አዲስ አበባ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ያን ሳምንት ተዘግቷል። ይህን ሁሉ ሲያስረዳን ድምፁ የሌላ ሰው ታሪክ የሚያወራ ይመስል ነበር። ከዚያ ተነሣና ወደ ጓሮው ሄደ። ከአንዱ ፓፓያ ዛፍ ላይ የቀሩትን ፍሬዎች በሙሉ ቆርጦ በሻርፑ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

«ለቤትህ አስቀር እንጂ» አልኩት።

«ዐይናቸው ለማያየው እናት ስጪልኝ። ዱዓ ያድርጉልኝ።»

ፓፓያው ጥቂት ቀን ሰነበተ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ጤና ጣቢያ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ። ኮፍያቸውን አውልቀው «ተመለሰባት» አሉኝ። ምኑ ብዬ አልጠየቅሁም። ለሚያውቁኝ ባልደረቦች ሁሉ፣ ወልድያም ደሴም ላሉት ደወልኩ፤ እንክብሉን የሚልክልኝ ሰው ፍለጋ። አንዷ አገኘሁ አለችኝ። በሚመጣ ሰው እልካለሁ አለች። የሚመጣ ሰው ግን አልነበረም።

አሮጊቷ የወደቁት በዚያው ሰሞን አንድ ምሽት ላይ ነው። ሽማግሌው ለጸሎት ሄደው ሳለ ወደ መጸዳጃ ብቻቸውን ወጡ፤ በራሳቸው ግቢ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በሚያውቁት መንገድ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ አደናቀፋቸው። ተጠርቼ ስደርስ ጎረቤት አንሥቶ መደብ ላይ አስተኝቷቸዋል። አንዱ እግራቸው አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል። ዳሌያቸው እንደተሰበረ ለማወቅ ራጅ አላስፈለገኝም።

«ወልድያ ሆስፒታል መሄድ አለባቸው» አልኩ።

አምቡላንስ ጠየቅሁ፤ ነዳጅ የለውም ተባልኩ። የባጃጁ ሹፌር በራሱ እወስዳቸዋለሁ አለ። እኔ ግን በዚያ መንገድ፣ በባጃጅ መንገጫገጭ፣ ያ አጥንት ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሳልፈልግ ተውኩት። ሽማግሌው ወጌሻ አስመጡ። ወጌሻው በጣቱ ነካ ነካ አደረገና እጁን ሰበሰበ። «ይኼ የእኔ አይደለም፣ አባቴ» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ነጭ ጋዋን ለብሼ ቆሜያለሁ፤ በእጄ ያለው የሕመም ማስታገሻ ብቻ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ሽማግሌው «እንውሰዳት» አሉ። አሮጊቷ ግን እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ሳንባቸውን ብርድ መቶት ነበር፤ ትንፋሻቸው አጥሯል። «እዚያ ማን ያስታምመኛል? እሱ ትልቅ ከተማ አያውቅ» አሉኝ። ብዙ ለመንኳቸው። እጄን ይዘው «አንቺ ልጅ፣ ብዙ ደከምሽ» አሉ። በዚያው ሳምንት አረፉ።

ቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ ወጥቶ ቀበራቸው። ቅቤ ሻጯም በትራቸውን ተደግፈው ለቅሶ ደረሱ፤ ገበሬውም ከዋጃ መንገድ መጣ። ከሽማግሌው ጎን ተቀምጦ ብዙ ቆየ። የሚያወሩት ስለ ዝናብ ነበር።

ሞተሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተሠርቶ ተመለሰ። ገበሬው ሽንኩርት ተከለ። ስለተቸገረ ግን ገና በማሳው ላይ ሳለ ለአንድ ነጋዴ በቁሙ ሸጦታል፤ ነጋዴው ደግሞ ትንሹንም ትልቁንም ያስለቅማል። ገበሬው እኔን ሲያይ ይሸሻል። የሚሸሽበት ምክንያት የለውም ብዬ ልነግረው ሁለቴ ሄድኩ፤ አልተገናኘንም። ከጓሮው አንዳንዴ ቆስጣ ይልክልኛል። ለሁሉም አይበቃም። ለማን ሰጥቼ ማንን እንደምነሣ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ይህን ሥራ ማንም አላስተማረኝም።

ባለፈው ሐሙስ ለሽማግሌው ቆስጣና ሁለት ራስ ሽንኩርት ይዤ ሄድኩ። አመሰገኑኝ። ከዚያ ዘንቢሉን ወደ እኔ መልሰው ገፋ አደረጉት።

«ለሌላ ስጪው፣ ልጄ። እኔ መሥራቱን አላውቅበትም።»

«ይሠሩ አልነበረም እንዴ?»

«እሷ ናት ስትሠራ የነበረችው። እኔ እጄን ነው ያዋስኳት።»

ጋዋኔን አውልቄ በር ላይ ሰቀልኩና ሽንኩርቱን መክተፍ ጀመርኩ። ቆስጣውን አጥቤ፣ አብስዬ፣ በማሽላ ቂጣ አቀረብኩላቸው። ጥቂት ጎረሱ። «ጥሩ ነው» አሉና ሳህኑን ሸፍነው ወደ ጎን አደረጉት። ሥራ ቦታ በሽተኛ ይጠብቀኛል። ስወጣ፣

«በሩን ገርበብ አድርጊው፤ ፀሐይዋ ፊቴን መታችኝ» አሉኝ።

ገርበብ አድርጌው ሄድኩ።